ዝናብ መጥረጊያው ሲቆም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ቆመው ሲስቁ አይተናል። «ስለ አገር ዕድገትና ስለ ሥራ ማጣት መነጋገር ሲገባን ስለ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ምን ንግግር ያስፈልጋል?» ያሉም አሉ። አልተቀየምናቸውም። ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነገር ባይደርስብን ኖሮ እኛም ከሳቂዎቹ ጋር እንቆም ነበር። ከመካከላችን አንዱ የኤሌክትሪክ፣ ሁለታችን የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ስንሆን፣ ስለዚህች በአንድ እጅ ስለምትያዝ ሞተር የምናውቀው ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለውን ብቻ ነበር።

ነገሩ የደረሰው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ነው። አገሩን ለማታውቁ ጥቂት እንናገር። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስሟም በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ማንኩሳን አልፎ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ ቡሬ ትገኛለች። ከቡሬ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይቀጥላል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። በዚያ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብ እንደ ሌላው አገር ዝናብ አይደለም። ጧት ፀሐይ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጮቄ በኩል ይጠቁራል፤ ከዚያም በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ በባልዲ የተገለበጠ ይመስል ይወርዳል። አፈሩ ቀይ ነው። የጭነት መኪና አጠገባችሁ ካለፈ መስታወታችሁ ላይ የሚያርፈው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጭቃም ነው።

አውቶሞቢሉ የአንድ ጡረተኛ መምህር ቮልስዋገን ነበር። ሦስታችንንም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩን ናቸው፤ ዛሬም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ቮልስዋገን በአገራችን ታሪክ ያለው መኪና ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። በአንድ ዘመንም የመምህርና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ መኪና ነበረ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ እ. ኤ. አ. በ2003 ከፋብሪካ ወጥቷል። ስለዚህ ዛሬ በመንገዳችን ላይ የሚታየው ቮልስ ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ የጋሼም ከእኛ ከሦስታችን ዕድሜ በየተራ ይበልጣል።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከቡሬ የተነሣነው ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ማንኩሳን እንዳለፍን ዝናቡ ያዘን። ጋሼ ማብሪያውን ሳቡት። መጥረጊያው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሦስተኛውን ዘገየ፤ አራተኛው ላይ መስታወቱ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። ቢያጠፉት አልተመለሰም፤ ቢያበሩት አልሄደም። በዚያው ቅጽበት ከፊታችን የመጣ ከባድ መኪና ጭቃውን ረጨብንና መስታወቱ የተለሰነ ግድግዳ ሆነ። ጋሼ በጎን መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ዳር ሊይዙ ከሞከሩ በኋላ እዚያው አቆሙ።

በሩን ከፍተን ስንወርድ፣ ከመኪናው አፍንጫ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት እናት ጭነት የተጫነች አህያ እየነዱ ይሄዱ ነበር። ከአህያይቱ ኋላ ገሳ የለበሰ ትንሽ ልጅ ይከተላል። ገሳው በዝናብ ረጥቦ ከመንገዱ ዳር ሣር አይለይም። እኒያ እናት ዘወር ብለው አዩንና «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ፤ ስለኛ ብላችሁ ቆማችሁ» አሉን። ከመካከላችን «ኧረ አላየንዎትም ነበር» ለማለት የደፈረ የለም። ዛሬ እዚህ ቆመን የምንናገረውም በከፊል ይህንን ለማለት ነው።

እስቲ ጥቂት እናስላ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ደኅና ዝናብ መጥረጊያ በደቂቃ 45 ጊዜ ቢመላለስ፣ ከአንዱ ጥርጊያ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ አንድ ሴኮንድ ከሢሶ ነው፤ ይኸውም ከ14 ሜትር በላይ መንገድ ማለት ነው። ሞተሩ ደክሞ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ በሁለት ጥርጊያ መካከል ወደ 30 ሜትር እንሄዳለን። አህያይቱና ልጁ ከዚያ ውስጥ ነበሩ። ቀስ እያለ የሚሠራ መጥረጊያ ያላቸው ሾፌሮች «ይሠራል እኮ» ሲሉን ይህን ሒሳብ ብናሳያቸው ደስ ይለናል።

ከዚያ እንዴት ወደ ቤታችን ገባን? በመጀመሪያ የድሮ ሾፌሮችን ብልሃት ሞከርን። በሁለቱ መጥረጊያዎች ላይ ሲባጎ ታስሮ ጫፎቹ በቀኝና በግራ መስኮት ይገባሉ፤ ሁለት ሰዎች በየተራ እየሳቡ መስታወቱን ይጠርጋሉ። አልሆነም። እጃችን እስኪቀላ ብንስብም መጥረጊያዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ምክንያቱን የተረዳነው በማግሥቱ ነው። የሞተሩ ዘንግ በጫፉ ላይ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጥርስ አለው፤ ይህ ጥርስ ትልቁን ጥርስ ያሽከረክራል፣ ትልቁ ጥርስ ግን መልሶ ዘንጉን ማሽከርከር አይችልም። ስለዚህ ሞተሩ ከቆመ መጥረጊያው እንደ ተቆለፈ ይቀራል። ሲባጎው የሚሠራው መጥረጊያዎቹን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ከተፈታ ብቻ ነው። ይህን ብልሃት የምታውቁ ሁሉ ይህችን ጨምራችሁ ያዙ፤ በዝናብ መካከል አንድ ሰዓት ያተርፍላችኋል።

ያዳነን ድንች ነው። የእኒያ እናት አህያ የተጫነችው ከገበያ ሳይሸጥ የተመለሰ ድንች ነበርና ጋሼ አንድ ለምነው በሰንጢ ለሁለት ከፈሉት። ጭቃውን በውሃ አጥበን መስታወቱን በተቆረጠው ፊት አሸነው። የድንቹ ፈሳሽ በመስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ውሃው እንደ ጠብታ ከመቋጠር ይልቅ ተዘርግቶ እንዲወርድ ያደርገዋል። ሌሎች ሾፌሮች ለዚሁ ነገር ከሲጋራ ያወጡትን ትምባሆ ይጠቀማሉ። በደንብ ያሳያል ለማለት አንችልም፤ ጥቂት ያሳያል። ከእኛም አንዱ የእጅ ስልኩን መብራት አብርቶ ከፊት በእግሩ እየሄደ፣ መኪናው በሰው እርምጃ እየተከተለው፣ ፍኖተ ሰላም የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። እኒያ እናት የድንቹን ዋጋ አልቀበልም አሉ።

በማግሥቱ ጧት ጉባኤ አደረግን። ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀብንም፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል» አልን። ወዲያውም አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ዘመዳችን ስልክ ደውለን ከሶማሌ ተራ ሌላ ሞተር ገዝቶ በአውቶቡስ እንዲልክልን አሳሰብነው። እርሱም ዋጋውን ጠይቆ ነገረን። የጋሼ ጡረታ ለስንት ወር እንደሚበቃ ስናስብ ሁላችንም ዝም አልን። በዚያን ጊዜ ነው ጋሼ «ለማንኛውም መኪናውን ጋራዥ ወስዳችሁ አሳዩት» ያሉን።

የጋራዡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ትምህርታቸው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው ብለውናል። «ተቃጥሏል የሚል ሰው ሽታውን አሽትቷል ማለት ነው፤ አሽትታችሁታል?» ሲሉ ጠየቁን። አላሸተትንም። «ፊውዙንስ አይታችኋል?» አላየንም። «ማሳውንስ?» ማሳ የሚሉት የኤሌክትሪኩ መመለሻ የሆነውን የመኪናውን አካል ነው፤ ቃሉ ከጣሊያኖቹ የቀረ ነው። እርሱንም አላየንም። «ታዲያ በምን አወቃችሁ?» አሉና ሳይስቁብን ወደ ሥራቸው ሄዱ። ባይስቁብን ይሻል ነበር ለማለት አንችልም፤ ቢስቁብን ይቀለን ነበር።

መሣሪያቸው አንዲት አምፖልና ሁለት ሽቦ ነው። የፊት ኮፈኑን ከፈቱ፤ በቮልስ ከዚያ በኩል ያለው ሞተር ሳይሆን የዕቃ ማስቀመጫውና የቤንዚን ታንኩ ነው። ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ኋላ ያለውን የካርቶን መሸፈኛ አንሥተው ወደ ውስጥ ሲያዩ የመጥረጊያው ሞተር ከነዘንጎቹ በአንድ የብረት አቃፊ ላይ ታስሮ ይታያል። ማብሪያው በርቶ ሳለ የአምፖሉን አንድ ሽቦ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ኤሌክትሪክ በሚቀበልበት ላይ አደረጉት፤ አምፖሉ ቦግ አለ። እንግዲህ ፊውዙና ማብሪያው ደኅና ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ደርሷል ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ሽቦ ከሞተሩ አካል ወደ መኪናው ንጹሕ ብረት አገናኙ። ሞተሩ አቃሰተና ተንቀሳቀሰ! በጣም ዝግ ብሎ፣ እንደ ታመመ ሰው፣ ግን ተንቀሳቀሰ። የእኛ «የተቃጠለ» ሞተር ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ የፈጀው ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ነገሩ ቀላል ነው። አቃፊው ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበት ብሎን ሥር ዝገት ገብቷል፤ ዝገት ደግሞ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። ከ12 ቮልት 3ቱ በዝገቱ ላይ ከቀሩ ለሞተሩ የሚደርሰው 9 ብቻ ነው። መለኪያ ያለው ሰው ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ ቢለካ ከዜሮ ብዙ የማይርቅ ቁጥር ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ሌባው እዚያ ነው። ሽማግሌው ግን በዚህ አልረኩም። «ማሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሁን ይሮጥ ነበር፤ አንድ የሚይዘው ነገር አለ» አሉና ይፈታ አሉን።

አፈታቱን ባጭሩ እንናገር። ከሁሉ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ባትሪው በቮልስ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ይህን ሳያደርጉ በቤንዚን ታንክ አጠገብ በካቻቢቴ መጎርጎር ሞኝነት ነው። ከዚያ መጥረጊያዎቹ ይወጣሉ፤ ዘንጎቹ ከመስታወቱ ሥር ብቅ በሚሉበት ላይ ያሉት ዳዶዎች ከነሮንዴላቸውና ከነጎማቸው ይፈታሉ፤ ከውስጥ የአቃፊው ብሎን ይፈታል። ሽቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት የትኛው ከየት እንደ ነበረ ጻፍ ወይም በስልክህ ፎቶግራፍ አንሣ። እኛ አንሥተናል፤ ሽማግሌው ግን «እኔ በራሴ ውስጥ አለ» አሉን፤ እውነትም ነበረ። አቃፊው ከነሞተሩ አንድ ላይ ይወጣል። ጠባብ ቦታ ስለሆነ ከሦስታችን እጁ ቀጭን የሆነው ተመርጦ ሠራ።

ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ስናየው ሦስት ነገር አገኘን። የጥርሶቹ ቤት ውስጥ ያለው ግሪስ ደርቆ እንደ አሮጌ ሰም ሆኗል፤ ለጎጃም ሰው ሰም ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም። መጥረጊያዎቹ የሚዞሩባቸው ዘንጎች በቡሾቻቸው ውስጥ ዘይት ካዩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው እንጃ፤ አንዱ በእጅ አልዞር ብሎ በፒንሳ ነው የዞረ። ሦስተኛው ካርቦኖቹ ናቸው፤ አጥረዋል፣ ግን ገና አላለቁም። ካርቦኖቹ የሚንሸራተቱበት የመዳብ ቀለበት ጠቁሮ ነበር። በስስ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ጠረግነው፤ ለብረት የሚሆነውን ጥቁሩን ልንጠቀም ስንል ሽማግሌው ከለከሉን። የእርሱ ብናኝ ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና በመዳብ ቁራጮቹ መካከል ከተቀመጠ ሞተሩን በእውነት ያቃጥለዋል። ጥርሶቹን በቤንዚን ከእሳት ርቀን፣ ከቤት ውጭ፣ አጠብናቸው፤ የመዳብ ጥምጥሙን ግን ቤንዚን አላስነካነውም፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ።

ከዚህ ላይ የእኛን የተማሪዎቹን ኃፍረት መናገር ይገባናል። የደረቀ ግሪስ ሞተርን ለምን እንደሚገድል በሁለተኛ ዓመት ትምህርታችን ተምረናል፤ በፈተናም ጽፈን ሙሉ ማርክ አግኝተናል። የሚሽከረከር ሞተር በውስጡ ከባትሪው ጋር የሚጋጭ የራሱን ቮልት ያመነጫል፤ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቀንሰው እርሱ ነው። ሞተሩ ከተያዘና ካልዞረ ይህ ግጭት የለም፤ የሚከላከለው የሽቦው ተቃውሞ ብቻ ይሆናል። ለምሳሌ ተቃውሞው 1 ኦም ቢሆን በ12 ቮልት 12 አምፔር ይገባል። ሲዞር 3 አምፔር ብቻ ይበቃው ነበር እንበል። ሙቀቱ በኤሌክትሪኩ ካሬ ልክ ያድጋልና በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ9 ዋት ወደ 144 ዋት፣ ማለት 16 እጥፍ፣ ይወጣል። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። የማናውቀው ይህ ሒሳብ የጋሼ ቮልስ ውስጥ እንደሚኖር ነው። ማብሪያው በርቶ መጥረጊያው ከቆመ ወዲያው አጥፉት የምንለውም ስለዚህ ነው፤ ብዙ ሞተሮች የሚቃጠሉት በደረሰባቸው ጉዳት ሳይሆን ሾፌሩ «ምናልባት ይነሣ ይሆናል» ብሎ ማብሪያውን እንደ ተከፈተ ስለሚተወው ነው።

ዝናብ መጥረጊያ ራሱ ታሪክ አለው፤ ሁሉን አንናገርም። ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት እ. ኤ. አ. በ1903 ከውስጥ በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ አስመዝግባ የፈጠራ መብት ተቀበለች። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራውን እ. ኤ. አ. በ1926 አወጣ። ከሁለቱ መካከል ግን ለእኛ አገር የሚያስገርመው ሌላ ዓይነት ነው፤ እርሱም በሞተሩ የአየር ስበት የሚሠራው ነው። ብዙ የአሜሪካ መኪናዎች፣ የድሮው ዊሊስ ጂፕም ጭምር፣ ይህ ነበራቸው። ችግሩ ስበቱ የሚደክመው ነጂው ቤንዚን አብዝቶ በሚረግጥበት ጊዜ መሆኑ ነው። እንግዲህ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን በክረምት ሲወጣ አስቡት። ዳገቱ ሲበረታ ነጂው ይረግጣል፤ ሲረግጥ መጥረጊያው ይቆማል፤ ለማየት ሲል እግሩን ያነሣል፤ ሲያነሣ መኪናው ይደክማል። የሠሩት ሰዎች ሜዳ አገር ላይ ሆነው ያሰቡት ይመስለናል።

ከዚህ ጋር ስናስተያየው የድሮውን ላንድሮቨር ሳናመሰግን አናልፍም። በቀደሙት ዓይነቶቹ የመጥረጊያው ሞተር የተሰካው ከመስታወቱ ግርጌ፣ በነጂው ፊት ለፊት፣ በግልጽ ቦታ ነው። ትንሽ እጀታ ስላለችው ሞተሩ ቢሞት ነጂው ራሱ በእጁ እያመላለሰ መጥረግ ይችላል። መልኩ አያምርም። ነገር ግን የነደፈው ሰው ሞተሩ አንድ ቀን እንደሚበላሽ አስቀድሞ አስቧል። እኛ ነገ መሐንዲሶች ስንባል ከዚያ ሰው ጋር ለመቆጠር እንወዳለን። በዘመናዊ መኪናዎች ሞተሩን ለማየት ብቻ ስንት ፕላስቲክ እንደሚነቀል ያየ ይመሰክርልናል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ግሪሱ ተቀየረ፤ ዘንጎቹ ታጥበው ዘይት ጠጡ፤ ካርቦኖቹ ተመለሱ፤ የዝገቱ ቦታ በካቻቢቴ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ተጠረገ፤ ሽማግሌውም ከእንግዲህ በዝገት ላይ እንዳይታመን ብለው አንድ ተጨማሪ የማሳ ሽቦ ሠሩለት። ሞተሩን መጥረጊያ ሳንገጥም አስነሣነው። ይህች ነገር ዋና ናት። ሞተሩ ሲጠፋ የሚቆመው ዝም ብሎ አይደለም፤ በትልቁ ጥርስ ላይ ያለች መገናኛ መጥረጊያው እስኪተኛ ድረስ ኤሌክትሪክ ስትሰጠው ቆይታ በቦታው ስትደርስ ታቋርጠዋለች። ስለዚህ ሞተሩ በራሱ ማረፊያ ላይ ከቆመ በኋላ ነው መጥረጊያዎቹ ተኝተው የሚገጠሙት። እኛ ተቻኩለን ሳናስነሣው ገጠምነውና መጥረጊያዎቹ ማረፊያቸው መስታወቱ መካከል ሆነ። እንደገና ፈታን።

በዚያው ሳምንት ሌላ ቮልስ መጣ። ይህኛው ከእኛው ይበልጥ ያረጀ፣ በ6 ቮልት የተሠራ ነው፤ እ. ኤ. አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቮልሶች በ6 ቮልት ይሠሩ ነበር። ባለቤቱ ባትሪውን ወደ 12 አስቀይሮ የመጥረጊያውን ሞተር እንዳለ ትቶታል። ይህ ሞተር በእውነት ተቃጥሏል፤ ሽታውንም አሸተትነው። አንድ ሰው ቀድሞ በመንገዱ ላይ መቀነሻ ቢያስገባ ይድን ነበር ይላል። ይህን በደንብ ተከራክረንበታል። መቀነሻ ሞተሩን ከመቃጠል ያድነው ይሆናል፤ ነገር ግን መስታወቱ ጭቃ ሲጫነው ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ብዙ ሲፈልግ መቀነሻው የሚያስቀረው ቮልት ያድጋል፣ ሞተሩም ይደክማል። በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚደክም መጥረጊያ የዊሊሱ ታሪክ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ለ12 ቮልት በሚሆን ቀጭን ሽቦ በባለሙያ ማስጠምጠም፣ ወይ መለወጥ። የሌላ መኪና ሞተር የሚያስገባ ሰው ቮልቱን ብቻ አይቶ አይግዛ፤ ዘንጉ ስንት ዲግሪ እንደሚያመላልስ፣ ማረፊያው በየት በኩል እንደሆነ፣ የሽቦዎቹ ቁጥር ከማብሪያው ጋር መስማማቱን ይይ። አለዚያ መጥረጊያው ከመስታወቱ አልፎ ብረት ይመታል።

እንግዲህ መቼ እንጠግን፣ መቼ እንለውጥ ለሚለው የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ጥምጥሙ ከተቃጠለ ወይም ጥርሱ ከተበላ ለውጥ። ከዚያ በቀር ያለው ሁሉ፣ ማሳም ሆነ ግሪስ፣ ካርቦንም ሆነ ቡሽ፣ ከአንድ ቀን ሥራ አያልፍም። በ2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን አሮጌ መኪናዎች ብዙ ዘመን አብረውን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ቢሆን ዝናብ ሲመጣ የሚያየው በዚህችው ሞተር ነው።

መጥረጊያን በበጋ በደረቅ መስታወት ላይ ሁለት ጊዜ አመላልሶ «ይሠራል» ማለት ምርመራ አይባልም። የጋሼም መጥረጊያ ለቦሎ ሲታይ ሁለቱን ጊዜ ተመላልሷል፤ ያቃተው አራተኛው ነው። መስታወቱ ላይ ውሃ እያፈሰሱ አሥር ደቂቃ ማሠራት፣ ከዚያ ሞተሩን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ የሚይዘው ነገር አለ። ጎማውንም ማየት ነው፤ የበጋ ፀሐይ የሰነጠቀው ጎማ ደኅናውን ሞተር ያሳጣዋል።

ስለዚህ በመጪው ግንቦት፣ ፈተና ካለቀ በኋላና ክረምቱ ሳይገባ፣ ከእኛ ጋር ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ሄደው አንድ ሳምንት ለመሥራት የሚፈቅዱ ተማሪዎችን እንፈልጋለን። ሽማግሌው ባለሙያ በጋራዣቸው ደጅ ቦታ እንሰጣችኋለን ብለውናል፤ የሚያስተምሩት እርሳቸው ናቸው፣ እኛ ረዳት ነን። ቮልስ ብቻ ሳይሆን ባጃጅም፣ ሚኒባስም እናያለን። ከመምህራኖቻችን መካከል መለኪያ ሊያውሱን የሚችሉ ቢኖሩ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። አምፖሉንና ሽቦውን እኛው ይዘናል።

ባለ 6 ቮልቱን የተቃጠለ ሞተር ባለቤቱ ሰጥተውን ይዘነው መጥተናል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ካቻቢቴውም አጠገቡ አለ። ከስብሰባው በኋላ የሚፈልግ ይፍታው፤ መጀመሪያ ግን ያሽትተው።